በዝናብ ከኋላ ሲለጠፉብህ ጭቃ ውስጥ አትውረድ

በነሐሴ ዝናብ ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ሞተር የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። የሄልሜቱ መስታወት በጉም ይሸፈናል፣ ውሃው በአንገትጌ በኩል ይገባል፣ ስፖኪዮውን ስታይ ደግሞ የአንድ አይሱዙ ግንባር ሞልቶታል። ግንባሩ ብቻ ነው የሚታየው። ርቀቱን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሙሉ መኪናው ይታይህ ነበር። ከዚያ ክላክሱን ይለቀዋል። ጥግህን ያዝ ማለቱ ነው።

አብዛኞቻችን እንይዝለታለን። እኔ ግን አንያዝ ባይ ነኝ። ቢያንስ እሱ ክላክስ ያደረገበት ቦታ ላይ አንያዝ።

እስቲ ያንን ጥግ ደህና አድርገን እንየው። የአስፋልቱ ጠርዝ በብዙ ቦታ ተሸራርፏል። ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ስትወርድ ደግሞ ደረጃ የሚመስል ከፍታ አለ። በበጋ ታየዋለህ፣ ታልፈዋለህ። በክረምት ግን ውሃ ይተኛበትና ጥልቀቱ አይታወቅም። ከጠጠሩ ወዲያ ያለው የደጋው ጥቁር አፈር፣ መረሬው ነው፤ ጎማ ላይ ከተለጠፈ የጎማው ጥርስ ሁሉ ይደፈንና ለስላሳ ጎማ ላይ እንደተቀመጥክ ትቀራለህ። በገበያ ቀን ደግሞ ጋሪውና ከብቱ ያንኑ ጭቃ ይዘው አስፋልቱ ላይ ይወጣሉ። ዋናው አደጋ ግን መውረዱ ላይ አይደለም፣ መመለሱ ላይ ነው። የፊት ጎማ ጠርዙን በሰያፍ ሲነካው መውጣት ያቅተውና ጠርዙን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ መሪውን ታዞራለህ፣ እሱ አይዞርም፣ ከዚያ ወደ ግራ ትወድቃለህ። ወደ ግራ ማለት ወደ አስፋልቱ ነው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ያ ያሳለፍከው አይሱዙ ወይም ተከትሎት የመጣው ዶልፊን አለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አምስት ሜትር ላይ ተለጥፎ የሚከተልህ ሾፌር በእሱና በአንተ መካከል ያለው ጊዜ ሲሦ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ንቁ የሚባል ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ ለማሳረፍ ወደ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰውዬው እየነዳ ያለው በፍሬኑ ተማምኖ ሳይሆን በአንተ አለመቆም ተማምኖ ነው። በደረቅ መንገድ ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት፣ በእርጥብ ደግሞ እጥፉን፣ አራት ሰከንድ ያህል ጠብቁ ይባላል። በ60 ፍጥነት ይህ ወደ 67 ሜትር ይመጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚያ መንገድ ላይ 67 ሜትር የሚተው የለም። ብትተውለትም ሌላው ዘው ብሎ ይገባበታል።

ሾፌሩ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሞተር ትንሽ ስለሆነች ካለችበት የራቀች ትመስላለች። መኪና ከኋላው ሁለት መብራት አለው፤ በመብራቶቹ መካከል ያለውን ስፋት አይተህ ርቀቱን ትገምታለህ። ሞተር ያላት አንዲት ቀይ ነጥብ ናት። በዚያ ላይ ዝናብ፣ በዚያ ላይ ከፊት ያለው ሲኖ ትራክ የሚረጨው ውሃ፣ በዚያ ላይ ጎማው የተበላ የዝናብ መጥረጊያ። የትኛው ርቀት ታይቶት ነው የሚጠብቀው?

ሌላ ነገርም አለ፣ ይሄኛው የእኛው ነው። በእርጥብ መንገድ ላይ አዋቂ ሞተረኛ ፍሬን አያበዛም። ነዳጅ ይለቃል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። ደህና። ግን እንዲህ ሲያደርግ የፍሬን መብራቱ አይበራም። ከኋላ ያለው ሰው ምንም ምልክት ሳያይ አንተ በድንገት አፍንጫው ሥር ትደርሳለህ። ስለዚህ ማርሽ ከመቀነስህ በፊት ፍሬኑን ሳትጫን ነካ ነካ አድርገው፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይበል። መብራቱ ካለ ማለቴ ነው። የስንቱን ሞተር የኋላ መብራት ጭቃ በልቶታል! የስንቱስ ስዊች ተበላሽቶ ዓመት አልፎታል! ከኋላ የታሰረው ጆንያ ወርዶ መብራቱን የሸፈነው፣ ተፈናጣጩ የደረበው ጋቢ እስከ ታርጋው የተንጠለጠለው ብዙ ነው። አንዲት አምፖልና አንድ ስዊች ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደሩም። እንዲህ ሆነን አላየኝም ብንል ማን ይሰማናል?

እሺ፣ ሁሉ ነገርህ ሙሉ ነው እንበል፣ ሰውዬው ግን አሁንም ተለጥፏል። ምን ታደርጋለህ?

ብዙ ወጣቶች የሚያደርጉት ነዳጅ መስጠት ነው። ልራቀው ብለው። እሱም ይሰጣል። ሁለታችሁም በእርጥብ አስፋልት ላይ በፊት ከነበራችሁበት ፍጥነት በላይ ናችሁ፣ ርቀቱ ግን ያው ነው። ከእልህ በቀር ምንም አልተገኘም። ሌሎች ደግሞ ፍሬን ያዝ አድርገው ያስደነግጡታል። ይሄ አጉል ጀግንነት ነው። ጤፍ ወይም ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ በዝናብ ደንግጦ አይቆምም፤ ደንግጦ ይመጣብሃል እንጂ።

የሚሠራው ነገር ሲያዩት የፈሪ ይመስላል። እሱ የኋላህን ርቀት ከበላብህ አንተ ከፊትህ ጨምር። ከፊትህ ካለው መኪና በደንብ ራቅ። ይህን የምታደርገው ድንገት መቆም የሚባል ነገር እንዳይደርስብህ ነው። ከፊት አንድ ነገር ቢፈጠር ቀስ ብለህ ለመቀነስ ጊዜ ይኖርሃል፣ አንተ ቀስ ካልክ ደግሞ እሱም ቀስ ለማለት ጊዜ ያገኛል፣ ማለትም ለሁለታችሁም ርቀት የምትይዘው አንተ ነህ። ይናደዳል። ይናደድ። ነዳጁን ግን በአንዴ አትልቀቅበት፣ ቀስ በቀስ ነው።

ቦታህንም ያዝ። ከፊት ያለፈው መኪና የግራ ጎማ ውሃውን ጠርጎ በሄደበት መስመር ላይ ሁን። መሃሉ ላይ መኪኖች ያንጠባጠቡት ዘይት አለ፣ በተለይ በበልግ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ አቧራውና ዘይቱ ገና ሳይታጠቡ፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቀኝ ጠርዙን ከያዝክ ደግሞ ለእሱ ቦታ የለቀቅክ ይመስለውና ከጎንህ ተሽሎክልኮ ሊያልፍ ይሞክራል።

ከዚያ አሳልፈው። እንዳትሸነፍለት አትንገላታ፣ አሳልፈው። ግን አንተ በመረጥከው ቦታ፦ ማደያ በር ላይ፣ ወደ ቀበሌ የሚገባ መገንጠያ ጋ፣ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ። ፍሬቻህን ቀደም ብለህ ወደ ቀኝ አብራ፣ ቀንስ፣ ይለፍ። እጅ እያወዛወዙ እለፍ ማለት በበጋ ይቅርብኝ የማልለው ጨዋነት ነው፣ በዝናብ ግን ሁለቱም እጅ መሪው ላይ ይሁን።

ስለ እጅ ካነሳን፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ላይ የራሰ የሱፍ ጓንት ከጓንት አይቆጠርም። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጥክ አታውቀውም፣ ወይ አንሶ ይቀራል ወይ በዝቶ የፊት ጎማውን ይቆልፈዋል። ከኋላህ ሰው በተለጠፈበት ሰዓት ደግሞ ሁለቱም አያዋጡም። ጓንቱ ላይ ፌስታል መደረብ ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለሜዳው ነው። ከደብረ ብርሃን አልፈህ ጣርማ በር ላይ ስትደርስ ሌላ ነው። ከዚያ ጣሊያን ከሠራው ዋሻ ስትወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ በደብረ ሲናና በአርማንያ አድርገህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ትሆናለህ። ቁልቁለቱ ማለቂያ የለውም፣ ጉሙ ከኩርባው ወዲያ ያለውን አያሳይም። ጨዋ ሾፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል። ነዳጅ ልቆጥብ ባዩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ፍሬኑን እየረገጠ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዝ ይተዋል። እዚያ ከኋላህ የተጠጋህ ተሳቢ ባለጌ ላይሆን ይችላል። ፍሬን አልቆበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ያልኩትን ሁሉ አነሳለሁ፦ ምርጫ አትጠብቅ፣ ከተራራው በኩል ያለው ጠርዝ ቢጨቀይም፣ ቀንሰህ መግባት የምትችልበትን የመጀመሪያውን ቦታ ያዝና ውጣለት። ከዚያ የተሻለው ግን ገና ከዋሻው በፊት ቆም ብሎ ከባዶቹን ማሳለፍ ነው። ደብረ ሲናም ላይ ቆሎ ገዝቶ ትንሽ መቆየት ነውር የለውም፣ ቆሎዋ እንደሆነ ስሟ የታወቀ ነው።

ለሾፌሮች ደግሞ። ሞተረኛው ራሱ ይሽሎከለካል፣ መሃል መሃላችን ይገባል ትላላችሁ። የሚገባ አለ፣ አልክድም። ያ ግን ከፊታችሁ በልኩ የሚሄደውን የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ እግር በእግር ለመከተል ምክንያት አይሆንም። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። በ60 ብትሄዱ 20 ደቂቃ፣ በ50 ብትሄዱ 24 ደቂቃ። የምንጨቃጨቅባት ነገር አራት ደቂቃ ናት፣ መናኸሪያ ገብታችሁ ተራ ስትጠብቁ ከዚያ በላይ ትቆማላችሁ። ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ እንደሚባልም ታውቃላችሁ፤ ለእኛ ግን ይህ የሚጠቅመን ሐኪም ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ ከገባን።

ትራፊክ ፖሊሶችም አሉ። መንጃ ፈቃድና ሄልሜት ማየታቸው መልካም ነው፣ ትርፍ መቁጠራቸውም። ዝናብ በጣለ ቀን ግን የኋላ መብራታችንንም ይዩልን፣ የሸፈነውን ጆንያ ያስፈቱን፣ ብንቆጣም ያስፈቱን። እኛን አቁመው ሲያስፈቱ ያንን ተለጥፎብን የመጣውን አይሱዙም እንዲሁ በክላክሱ አያሳልፉት፤ አውርደው ከሞተሯ ስንት ሜትር ርቀህ ነበር ብለው ይጠይቁልን።