ፕላስተር መለጠፍ ብቻ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የትምህርት ቤት ነርስን ሥራ «ፕላስተር መለጠፍና ወላጅ መጥራት» ብሎ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ ዓመቱን በትምህርት ቤት፣ ክረምቱን በልጆች ካምፕ የምሠራ ነርስ ነኝ።

አዎ፣ የተላጠ ጉልበት በየቀኑ አለ። ነስርም እንደዚያው። ልጁ ሁሌ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ይመጣል። ወደ ፊት ጎንበስ አስደርጌው፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለ10 ደቂቃ ቆንጥጬ እይዛለሁ።

ከባዱ ሌላ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ ከሩጫ በኋላ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ ትመጣለች። ጣቷን ወግቼ ስለካ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ወርዷል። 15 ግራም ያህል ስኳር ያለው ጭማቂ አጠጣታለሁ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እለካለሁ። እስክትረጋጋ ከአጠገቧ ንቅንቅ አልልም። ካምፕ ላይ ይሄ ይብሳል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲዋኙና ሲሮጡ ስለሚውሉ ሌሊት ተኝተውም ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ ይዤ እየዞርኩ እለካለሁ።

የሆድ ቁርጠትስ? ፈተና በደረሰ ቁጥር ሆዱን ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ። ብዙ ሰው «እያስመሰለ ነው» ይላል። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ጭንቀት ሆድን የምር ያሳምማል። መጀመሪያ ሙቀቱን ለክቼ ሆዱን እዳስሳለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንዳንዴ እቤት ያለው ችግር የሚወጣው እዚያች አልጋ ላይ ነው።

ወላጆች፣ አደራ፦ መድኃኒት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ። ከነማሸጊያው፣ የልጁ ስምና መጠኑ ተጽፎበት፣ በእጄ ስጡኝ።