ፋሲካ ከነጉድፉ

የልጅ በሽታ ካላንደር ያነባል። ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ይከርማል። ሽሮና ምስር እየተበላ ማን ይታመማል? ዶሮው ተገዝቶ፣ እግሩ ታስሮ ጓዳ ሲገባ ግን በሽታውም ተከትሎ ይገባል። ዘንድሮ የእኛ ተራ ነበር። ስቅለት ዕለት ትልቁ ልጅ ሆዱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣበት። ማታውን ታናሿም ተከተለችው።

ሐኪሙ ገና ከሩቁ አወቀው። "ጉድፍ ነው። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። እንዳይቧጥጡት ጥፍራቸውን ቁረጡ። ቁስሉ እስኪደርቅ ከሰው አርቋቸው" አለን።

ከሰው አርቋቸው! በፋሲካ ዋዜማ! ይሄ ሐኪም ዘመድ የለውም ማለት ነው።

አማቴ ትእዛዙን በራሳቸው አሻሻሉት። "ከሰውስ ይሁን፤ ብቻ የቁሌት ሽታ እንዳይደርስባቸው። ምች ይሆንባቸዋል" አሉ። ዶሮ ወጥ ያለ ቁሌት የሚሠራ ይመስል! ልጆቹን መኝታ ቤት አስገብተን የበሩን ሥር በፎጣ ደፈንነው። ሽታው በመስኮት ዞሮ ገባ። መስኮቱን ስንዘጋ "አየር አሳጣችኋቸው" ተባልን። በመጨረሻ ምድጃው በረንዳ ወጣ፤ ባለቤቴም አብራው ወጣች። ሽንኩርቱ እስኪበስል ለሰዓታት ሰፈሩ በሙሉ የእኛን ዶሮ አሸተተ።

ቅዳሜ ሹር ቄጤማው መጣ። በልጆቹ ግንባር ላይ አሰርንላቸው፤ ለትኩሳቱ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ደረብንበት። ልጁ "ይበላኛል" እያለ አለቀሰ። ጉድፉ ይሁን ቄጤማው እስከ ዛሬ አልተለየም።

ዋናው ጣጣ ግን አክስቴ ናቸው። እኛ በየዓመቱ የምንፈስከው እሳቸው ቤት ነው። ደወልኩና "እትዬ፣ ዘንድሮ አንመጣም። ልጆቹን አሟቸዋል" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ "ምን አስቀየምኳችሁ?" አሉኝ።

አይፈረድባቸውም። በዚህ ከተማ "ልጄን አሞት ነው" ያልተባለበት ጉዳይ የለም። ሥራ ያረፈደ ሰው ልጁን አሞታል። የዕድር ስብሰባ ቀርቶ ቅጣት የፈራ ልጁን አሞታል። ብድር መልስ ሲባል ስልክ ያላነሳም ልጁን አሞታል። ሰበቡ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጤነኛ ሕፃን ባልተገኘ ነበር። (እኔ በልጅ አላሳብብም። ታክሲ ጠፍቶ ነው የምለው።)

አክስቴ ቁርጡን ለማወቅ እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። ብቻቸውን አይደለም፤ ባላቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ነው። በአንድ እጃቸው ለበሽተኛ ጥየቃ ብርቱካን፣ በሌላው ለበዓሉ ድፎ ዳቦ ይዘዋል። "እትዬ፣ ይተላለፋል፤ አይጠጓቸው" ብንል ማን ሰምቶን! ልጆቹን አገላብጠው ሳሟቸው። የልጅ ልጆቻቸውንም "ሳሟቸው እንጂ፣ ምን ያስፈራችኋል?" አሏቸው። ነጠብጣቡን መነጽራቸውን አድርገው መረመሩ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው ቀስ ብለው "ቁንጫ ገብቶባችኋል እንዴ?" ብለው ጠየቋት። ባለቤቴ የሐኪሙን ወረቀት አምጥታ አሳየቻቸው። "ወረቀትማ ማንም ይጽፋል" አሉ።

መሶቡ ቀረበ። ትልቁ ልጅ በደህናው ጊዜ በዶሮ እግር ከእህቱ ጋር የሚደባደብ ነው። አክስቴ የእኔን ፈረሰኛ ከፊቴ አንስተው፣ በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፉ ላኩት።

"እምቢ" አለ።

"ታዲያ ምን ትበላለህ፣ የኔ ጌታ?"

"ሽሮ።"

ቤቱ ጭጭ አለ። የአክስቴ ባል ጉርሻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጊዜ ሽሮ ሲበላበት የከረመ ቤት ውስጥ፣ በትንሣኤ ቀን፣ ዶሮ ፊቱ ቀርቦለት ሽሮ! አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ኧረ ይሄ ልጅ የእውነት ታሟል!"

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ። አንዷ ጤና አዳም ስትል ሌላዋ ዳማከሴ ትላለች። አማቴ ማር አስመጡ። አክስቴ ጠበል ይሻላል ብለው ተከራከሩ። ባላቸው በበኩላቸው አረቄ የማያድነው በሽታ እንደሌለ አስረዱና፣ ልጆቹ ገና ናቸው ብለው ለራሳቸው ቀዱ። የእኔ ፈረሰኛ በዚህ መሀል የት እንደገባ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ጉድፍ ደግሞ ቸኩሎ አይታይም። ሰው ላይ ከገባ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት አድብቶ ነው ብቅ የሚለው። የእኛዎቹ ድነው፣ ቅርፊታቸው ረግፎ፣ ውጭ ኳስ መጫወት ጀምረዋል። ለርክበ ካህናት አክስቴን ከነቤተሰባቸው ምሳ ጠርተናቸው ነበር። በግም ታርዷል። ጠዋት ስልክ ጮኸ።

"ዛሬ እንኳን አንመጣም፣ ልጄ። ልጆቹን አሟቸው..."

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"እትዬ፣ ሽሮ ጠይቀዋል?"