ጀነሬተሩን ከጋራዥ አውጡት

ሃሪኬን ቤሪል የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የቴክሳሷን ሂዩስተን የመታው እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው። አንደኛ ደረጃ ነበር፤ ከዚያ በታች ሃሪኬን የሚባል የለም። እንዲያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው። አንዳንዱ ሰፈር ከሳምንት በላይ በጨለማ ከረመ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲለኝ ወጣሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። የሚያጓራው የጎረቤቴ የጋሼ ጀነሬተር ብቻ ነው። ለልጃቸው ምርቃት የተሠራው ዶሮ ወጥ ፍሪዘር ውስጥ ስለነበር እሱን ለማትረፍ ነው። ማሽኑ የቆመው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሩ እስከ ወገብ ከፍ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጨርሳችኋል» አልኳቸው።

«በሩን ከፍቼዋለሁ እኮ። ደጅ ላውጣውና ሌባ ይሸከመው?»

ሞኝ አይደሉም። ስምንት መቶ ዶላር ያወጡበትን ማሽን ደጅ ጥሎ መተኛት ማንንም ይጨንቃል። ግን አገር ቤት እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ በደንብ ፍም ሲሆን ነበር የሚያስገቡት። «ከሰል አፈነው» ሲባል ያልሰማ ሀበሻ የለም። የጀነሬተሩም ገዳይ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። አንድ ጀነሬተር የሚተፋው ደግሞ የመቶዎች መኪና ያህል ነው። በ2020 ሃሪኬን ላውራ ሉዊዚያናን ሲመታ ከነፋሱ ይልቅ ይሄ ጭስ ብዙ ሰው ገደለ። በ2021 የቴክሳስ ብርድ ጊዜም ለሙቀት ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው በዚሁ ጋዝ ከሞቱት መካከል የእኛው ሰዎች ነበሩበት።

በሩን መክፈት አይበቃም። ማሽኑ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው ፊቱን ከቤቱ ያዙር። ሌባ ከፈራችሁ ሰንሰለት ግዙ። እኛም በማግስቱ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ከጓሮው ዛፍ ጋር አሰርነው። (የጀነሬተሩን ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ለማብራት የሚሞክር አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ስለሚወጣ፣ መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ መግደል ነው።)

ጁን ገብቶ የሃሪኬን ወቅት በጀመረ ቁጥር ቡና ላይ የምናወራው ስለ ማሽኑ ትልቅነት ነው። ቤቱን በሙሉ የሚያነሳ፣ ውጭ ተተክሎ በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራው ከነማስገጠሚያው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። አቅሙ ያለው ይግዛ፣ ጥሩ ነው። ለሌሎቻችን 2,000 ዋት ያላት ትንሿ ትበቃናለች፤ ፍሪጅ፣ ፋን፣ ስልክና ሞደም ታንቀሳቅሳለች። ትልቁ ቤንዚን ይጠጣል፤ መብራት የሌለው ማደያ ደግሞ ቤንዚን አይቀዳም። ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር እንደሆነ ካልከፈቱት ያለ ምንም መብራት 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። የጋሼ ወጥ ያን ማታ ጀነሬተር አያስፈልገውም ነበር።

ቴክሳስ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለጥቂት ቀን በአደጋ ጊዜ ዕቃዎች ላይ የሽያጭ ታክስ ታስቀራለች። ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ ጀነሬተር ይካተታል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም እንደዚያው። ባለፈው ጊዜ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሰዉ ጀነሬተሩን ለሁለት ለሦስት እየተጋገዘ ጋሪ ላይ ይጭናል። ከ30 ዶላር በታች የሚሸጠው አላርም ሁለት መደርደሪያ አልፎ፣ ማንም ሳይነካው ተደርድሯል።