ማልያ መቀየር ምን ወንጀል አለው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሂዱ ሳቢያን፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ በከተማው የእግር ኳስ ክለብ በብርቱካናማዎቹ ልጫወት ብትሉ አታገኟቸውም። ማድሪድ አለ፣ ሲቲ አለ፣ ድሬዳዋ ከተማ የለም። ኮምፒውተር ያለው ልጅ ግን ብዙም አይቸገር። ማልያውን ሠርቶ፣ የተጫዋቾቹን ስም ጽፎ ቡድኑን ያስገባል። ተጫዋቹ ራሱ ሠርቶ ጌሙ ላይ የሚጨምረው እንዲህ ያለ ነገር ሞድ ይባላል። ኮንሶል ላይ፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ባለ የጌም ማሽን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው።

ለምን ሲባል የተለመደው መልስ ደህንነት ነው። እውነትነት አለው። ሞድ ኮድ ሊይዝ ይችላል፤ ኮድ ባገኘው ቀዳዳ ደግሞ የተሰረቀ ጌምም፣ ኢንተርኔት ላይ ማጭበርበሪያም ሾልኮ ይገባል። የዕድሜ ገደብ ጣጣም አለ። በ2005 ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ውስጥ ተደብቆ የቀረ የወሲብ ትዕይንት በአንድ ሞድ ተከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ጌሙ «ለአዋቂዎች ብቻ» ተባለ፤ ትልልቅ መደብሮችም ከመደርደሪያቸው አነሱት። ኩባንያዎቹ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ብዙ የማይወራው ገንዘቡ ነው። ኮንሶል በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ አምራቹ ሶኒ በእያንዳንዱ ማሽን ይከስር ነበር። ኪሳራውን የሚያካክሰው ከጌም ሽያጭ የሚቆርጠው ድርሻ ነው፤ በኢንተርኔት ሱቁ 30 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ነፃ ማልያና ነፃ መኪና እንደ ልብ ከተገኘ፣ «ተጨማሪ» ተብሎ የሚሸጠውን ማን ይገዛል? በእኔ ግምት ከደህንነቱ ይልቅ የሚያሳስባቸው ይሄ ነው።

ሲፈቅዱስ እንዴት ነው የሚፈቅዱት? በ2016 ስካይሪም የተባለው ጌም ልዩ እትም ሞድ ይዞ ወደ ኮንሶል መጣ። ኤክስቦክስ ዋን ላይ ለሞድ 5 ጊጋባይት ተሰጠ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ 1 ብቻ፣ እሱም ከጌሙ ውጭ የመጣ ምስልም ድምፅም እንዳይገባ ተብሎ። ያውም ሶኒ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ከቆየ በኋላ ነው። ጌሙ ያው ነው፣ ልዩነቱ የማሽኑ አምራች ፈቃድ ነው። አቦ!

ደግነቱ ሶኒ ራሱ ሌላ መንገድ ፈቅዶ ያውቃል። ከኮናሚ ኩባንያ የእግር ኳስ ጌም ከፔስ 2016 ጀምሮ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የማልያና የአርማ ምስል በፍላሽ ማስገባት ይቻል ነበር። ኤክስቦክስ ያላቸው ይህ አልደረሳቸውም። ኮናሚ የብዙ ክለቦችን ስም የመጠቀም መብት ስላልነበረው ቼልሲ ጌሙ ላይ «ለንደን ኤፍሲ» ነበር። ተጫዋቾች ስሙንም ማልያውንም አስተካከሉት። ኮናሚም በነፃ ተጠቀመ፣ ማሽኑም አልተጎዳ።

የእርሻ ጌሙ ፋርሚንግ ሲሙሌተርም «17» ከተባለው እትሙ ጀምሮ ኮንሶል ላይ ሞድ አለው። አዘጋጁ ኩባንያ እያንዳንዱን ፈትሾ ያሳልፋል፤ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮድ፣ ያለበት ሞድ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ትራክተሩ ይገባል፣ ኮዱ አይገባም። ምስልና ስም አንድ ነገር፣ ኮድ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ክልከላ መጠቅለል ስንፍና ነው። ኢንተርኔት በሌለው ቤት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጆይስቲክ የያዙ ሁለት ልጆች በማልያ ማንን ያጭበረብራሉ?

የእግር ኳስ ጌም ሠሪዎች ኮዱን እንደፈለጉ ይዝጉት። ከኢንተርኔት ውጭ በሚደረግ ግጥሚያ ግን ማልያ፣ አርማና ስም በፍላሽ የሚገባበትን መንገድ ይመልሱልን፤ በሁሉም ኮንሶል ላይ፣ ኤክስቦክስንም ጨምሮ።