ንጉሥ ካልተከሰሰ ይሳቅበት

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ግሬት ዲክታተር» አይተን የተነሳው ክርክር እስካሁን ደሜን ያፈላዋል። ፊልሙ በፈረንጆቹ 1940 የወጣ ነው፣ ድምፅ አልባው ቻፕሊን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ያወራበት፣ ሂትለርን «ሂንከል» ብሎ ስሙን ቀይሮ መሳቂያ ያደረገበት። ሂንከል አደባባይ ላይ ሲጮህ ማይክራፎኑ ራሱ ደንግጦ ወደኋላ ይጎብጣል እኮ! እኛ በሳቅ ስንፈርስ ከመሀላችን በዕድሜ የሚበልጡን ሰውዬ ግን ፊታቸውን እንደቋጠሩ ጨረሱት።

ገና ከማለቁ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው የሚባለው» አሉ። እሺ ፊልሙ ምን አጠፋ ሲባሉ ያው ተረት። «መሪ መሪ ነው፣ ሚሊዮኖች የተከተሉትን ሰው የዓለምን ሉል እንደ ፊኛ በቂጡ ሲያነጥር ማሳየት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?»

አንዷ ጓደኛችን አላስችል ብሏት «ጋሼ፣ ሂትለር እኮ ነው! ለሂትለር ክብር ነው እንዴ የሚቆረቆሩት?» አለቻቸው።

«እሱስ ልክ ነሽ ልጄ፣ ግን ዛሬ በሱ የሳቀ አፍ ነገ ማንንም አይፈራም። ሰማይ አይታረስ...»

እኛም የምንለው እኮ ይሄንኑ ነው፣ አይፍራ! ፍርድ ቤቱ የሱ፣ ዳኛው የሱ፣ እስር ቤቱ የሱ በሆነበት አገር ንጉሡን የት ሄደህ ትከሰዋለህ? የቀረው ሳቅ ብቻ ነው።

ከዛ ደሞ ማንበብ የሚወደው ልጅ ጣልቃ ገባና «ቻፕሊን ራሱ እኮ በ1964 በጻፈው የህይወት ታሪኩ ናዚዎች ሰው የፈጁባቸውን የማጎሪያ ካምፖች ግፍ ባውቅ ኖሮ ፊልሙን አልሰራውም ነበር ብሏል» አለ። ሰውየው እንዴት ደስ አላቸው መሰላችሁ! «ይኸው! ንጉሥ አይከሰስ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ቻፕሊን ያን ያለው እኮ እዛ ያለቁት ሰዎች ከብደውት ነው፣ ለሂትለር ክብር ተጨንቆ አይደለም። ይሄን ብነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

እስቲ ጊዜውን እንየው። ቁምነገረኛ የተባሉት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መሪዎች በ1938 ሙኒክ ላይ ከሂትለር ጋር ተፈራርመው ሰላም አመጣን እያሉ ወዳገራቸው ሲመለሱ፣ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የጀርመን ገበያ እንዳይቀርባቸው ሲሽቆጠቆጡ፣ ይሄ ቀልደኛ በራሱ ገንዘብ ተነሳ። እንግሊዝ ሂትለርን ላለማስቆጣት ፊልሙን ልታግደው አስባ ነበር። ቀረጻው የተጀመረው በመስከረም 1939፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ሰሞን ነው፣ አሜሪካ ደሞ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው በ1941 መጨረሻ። እና ማነው የቀደመው? ጨዋዎቹ ወይስ ኮሜዲያኑ?

ናፓሎኒ የሚባለውን ገጸ ባህሪ ደሞ አትርሱት፣ ሞሶሎኒ ነው። ህዝባችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀው ሞሶሎኒ። የዓለም መንግስታት ማህበር የሚባለው የቁምነገረኞች ስብስብ በ1936 አቤቱታችንን ሰምቶ ምን አደረገልን? ቻፕሊን ግን ሁለቱን አምባገነኖች ፀጉር ቤት ወንበር ላይ አስቀምጦ እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ እያሉ ወንበራቸውን ወደላይ ሲያስረዝሙ አሳየን። እኔ እዛ ጋ ስስቅ አንጀቴ ነው የራሰው።

ሳቅ ምንም አያመጣም ከተባለ የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ለምን ፈራው ታዲያ? በ1975 እስኪሞት ድረስ ፊልሙ ስፔን ውስጥ ታግዶ ነበር። ታንክና ፖሊስ ያለው ሰው ከአንድ ጺማም ቀልደኛ ምን አስጨነቀው?

ሰውየው በመጨረሻ «ማብቂያው ላይ ያለው ንግግር ግን ጥሩ ነው፣ እሱን ብቻ ቢያስቀሩት» አሉ። ንግግሩን የሚያደርገው እኮ ምስኪኑ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ ነው! መልኩ ከሂንከል ጋር አንድ ስለሆነ ዩኒፎርሙን ሲለብስ ወታደሩ ሁሉ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው፣ ማንም አልለየውም። ፊቱ ያው፣ ጺሙ ያው፣ ንጉሥ ያደረገው ልብሱና የሚያጨበጭበው ህዝብ ነው። ቀልዱን ቆርጠህ ብትጥለው ንግግሩ ከየት ይመጣል? ይሄን ስላቸው መልሳቸው ምን ይሆናል፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ነዋ፣ ብለውኝ ተነሱ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት፣ ዘመኑ ሁሉ እንደሳቸው ሆኗል። ሳቅ ጠፋ እንዳትሉ፣ ሳቅማ ሞልቷል፣ ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ነው የምንስቀው። በማን ነው የምንስቀው ግን? በሚንተባተብ ሰው፣ ካሜራ ፊት ተደናግጦ በወደቀ ምስኪን፣ ቋንቋችንን አጣሞ በሚናገር ስደተኛ። የዛሬ ኮሜዲያን ተብዬዎች መልስ መስጠት የማይችለውን መርጠው ነው የሚቀልዱበት፣ ከዛ የባለስልጣን ግብዣ ላይ ሄደው ባለስልጣኑ የማያስቅ ቀልድ ሲናገር ጥርሳቸውን ያሳያሉ። እኛም እናጨበጭባለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ አለቃችን ቢሮ ስንገባ ደሞ ድምፃችን ይቀጥናል። ድሃ ላይ ሲሳቅ «ኧረ ጨዋነት» ብሎ የተነሳ ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ንጉሥ ሲነካ ግን ሁሉም ተረት ያውቃል።