እንግዳን በብርብራ

የግልገል አባይ ዳር ወገኖቼ፣ የምቆጣው በእናንተ ነው፤ በራሴም ጭምር።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ወደ ግልገል አባይ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ዳር ቆሜ ነበር። ውሃው ጎድሎ ጠጠሩ መታየት ጀምሯል። ጎረምሶች ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በጆንያ አስረው፣ ከኩሬው ራስ ላይ እየረገጡ ያሹታል። ውሃው አረፋ ደፈቀ። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አፉን እየከፈተ ብቅ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሆዱን ገልብጦ ኩሬው ነጭ በነጭ ሆነ። ትልልቁ ተለቀመ። ጣት የሚያህለው እዚያው ቀረ፤ ማን ጎንበስ ይልለታል? አንዱ ጎረምሳ አንዷን በቢላዋ ሲሰነጥቃት ሆዷ እንቁላል ብቻ። ከድንጋዩ ላይ ዘረገፈውና እጁን ታጠበ።

እርጉዝ ላም የሚያርድ ሰው በመንደራችን አለ? ቢኖርስ ደጁን ማን ይረግጣል? ነጭ ዓሣ የምንላት እኮ ክረምት ሲገባ ከጣና ተነሥታ ሽቅብ የምትመጣው ጠጠርና ጥሩ ውሃ ፈልጋ ልትወልድ ነው። እንግዳ አክባሪ ነን እንላለን። እኛ የተቀበልናት ትልቅ ትንሽ በማይል፣ በስንጥብ ገብቶ በውሃ መካከል ትንፋሽ በሚያሳጣ መርዝ ነው። ከወገኖቿ 15 ያህሉ ዝርያ ከጣና በቀር በዓለም የሉም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ብቻ ቁጥራቸው ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። በ2007 ዩኔስኮ ሐይቁን ሲመዘግበው ግን አጨብጭበናል። የዓሣ አዋጅም ከ1995 ጀምሮ አለ፤ ወንዙ ዳር አልወረደም እንጂ።

ችግር ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ያን ቀን ከሞተው እኩሌታው አልተበላም።

እኔስ? «ተዉ» አልኩ? ሁለት ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። እንዲያውም በልጅነቴ ለዚሁ ሥራ ሙቀጫውን ከእናቴ ጓዳ ሰርቄ ያወጣሁ ነኝ። እናቴ በቁጣ ሦስት ጊዜ በአመድ ፈትጋ አጠበችው፤ በርበሬ ልትወቅጥበት ነዋ። መርዝነቱን ለቤታችን አወቅንለት። ለወንዙ ማን አሰበ?

ያንን ቅጠል ፈትቼ አልበላሁም፤ አልጣልኩትምም። ሌሊቱን ከደጅ አደረ፣ ጠዋት ድመት ጨርሳዋለች።

ወገኖቼ፣ ብርብራውን ለጥላው ተዉት። ቢያንስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙን ልቀቁላቸው፤ አራት ወር ነው፣ በዓመት ከዚህ የሚበልጥ ቀን እንጾም የለም? ትሰሙኛላችሁ ብዬ አይደለም፤ ደክሞኛል። ግን የዚያን ቀን አንድ እረኛ ልጅ ባርኔጣውን ውሃ ሞልቶ ትንንሾቹን ወደ ላይ፣ ብርብራው ወዳልነካው ውሃ ያመላልስ ነበር። «ጋሸ፣ ይቺ ተንቀሳቀሰች!» ብሎ ጠራኝ። ሄጄ አየሁ። ከባርኔጣው ወጥታ ጭራዋን ሁለቴ መታችና ከድንጋይ ሥር ገባች።

ለመጪው መስከረም ከዚያው ቦታ ልንገናኝ ተቃጥረናል። ባልዲ አመጣለሁ ብዬዋለሁ።