የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «መጽሐፍ አቀባይ» ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፍ ከማቀበልና ዝም በሉ ከማለት ሌላ ምን ሥራ አለው?» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ግን ስህተት ነው።

አንተ የምታየው የፊት ጠረጴዛውን ነው። ከጀርባ መጽሐፍ መምረጥ፣ መመዝገብ፣ በየዘርፉ መለየት፣ የተቀደደውን መጠገን አለ። አንድ መጽሐፍ ያለቦታው ከተቀመጠ እኮ ጠፋ ማለት ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ከተመሠረተበት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰበሰቡትን የድሮ ጋዜጦችና የብራና መጻሕፍት አስብ። ብዙው ጉግል ላይ የለም። ፈልጎ የሚያገኝልህ ሰው ነው።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ታውቀዋለህ? ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ያ ቁጭት አገሩ መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ወሰደ። ይሄ ሁሉ የመጣው ከሙያው ነው።

አዲስ አበባ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ሁላችንም ስለ ሕንጻው አወራን። ደስ ይላል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን መኖሪያ ቤቱ ጠቦት፣ ጫጫታ በዝቶበት የሚመጣውን ተማሪ ተቀብሎ የሚያግዘው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ በጀት ሲያዝ ለመደርደሪያና ለወንበር ብቻ አይሁን። የሠራተኛው ደመወዝና ሥልጠናም ይታሰብ።